ከባሕር ሙላት እስከ ግልገል ጊቤ፤ የውኃ ኃይልና የውኃ ጊዜ

በጂማ ከተማ በጊንጆና በአካባቢው ሰፈሮች የሚወርደው የክረምት ዝናብ ወደ አዌቱ ወንዝ ይገባል። አዌቱ የቦዬን ረግረግ አልፎ ከግልገል ጊቤ ጋር ይገናኛል፤ ግልገል ጊቤ ወደ ታላቁ ጊቤ፥ ታላቁ ጊቤም ኦሞ የሚለውን ስም ይዞ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። ቱርካና ወደ ሌላ የሚፈስበት መውጫ የለውም። ስለዚህ ከጊንጆ ጣሪያ የተነሣው ውኃ ባሕር የሚባለውን ነገር ሳያይ በበረሃ ፀሐይ ተንኖ ያልቃል። ከጂማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአጋሮ የወረደው ዝናብ ግን ዕድሉ ሌላ ነው፤ ወደ ዴዴሳ፥ ከዴዴሳም ወደ ዓባይ ገብቶ የሜዲትራኒያንን መንገድ ይይዛል። ሁለቱ የቡና ከተሞች ጎረቤታሞች ሲሆኑ ውኃቸው ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥቶ ይሄዳል።

እንግዲህ ውኃው ባሕር ከማይደርስ ከተማ ተነሥተን ስለ ባሕር ሙላትና ጉድለት ኤሌክትሪክ መጻፋችን አንባቢን ሳያስገርም አይቀርም። ምክንያታችን ይህ ነው። በአሁኑ ዘመን ስለ ታዳሽ ኃይል የሚጽፉ ሰዎች ከባሕር ሥር የሚተከለውን ተርባይን፥ ያለ ግድብ፥ ያለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ፥ ማንም ከቀዬው ሳይነሣ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ አድርገው ያመሰግኑታል። የአገራችን ኤሌክትሪክ ደግሞ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚመጣው ከተገደበ ወንዝ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ስንመረምር፥ ትልቁ ልዩነታቸው የውኃውን ጊዜ የሚወስነው ማን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ሆኖ እናገኘዋለን። የጊቤም ታሪክ በዚህ ጥያቄ በኩል ቢታይ የተሻለ ይገባል ብለን እናምናለን።

በብዙ የዓለም ጠረፎች ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ተከታዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ያልፋል። የዚህ ምክንያት በመጀመሪያ የጨረቃ፥ በሁለተኛ ደረጃም የፀሐይ ስበት መሆኑን ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ አስረድቷል። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ምክንያቱን ከማወቁ አንድ ሺህ ዓመት ቀደም ብሎ ይጠቀምበት ነበር። በሰሜን አየርላንድ በስትራንግፎርድ ወሽመጥ ዳር የነበሩት የኔንድረም ገዳም መነኮሳት፥ እ.ኤ.አ. በ619 ገደማ የባሕሩን ውኃ ሲሞላ በኩሬ እያገቱ፥ ሲጎድል እየለቀቁ የእህል ወፍጮ ያዞሩ እንደ ነበር በቁፋሮ ተረጋግጧል። እነዚህ መነኮሳት እህላቸውን የሚፈጩት ባሕሩ በፈቀደላቸው ሰዓት ነበር፤ አንድ ቀን ጧት፥ ሌላ ጊዜም በእኩለ ሌሊት። በዚያው ወሽመጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀን የተባለው 1.2 ሜጋዋት ኃይል ያለው የባሕር ሥር ተርባይን ተተከለ። በሁለቱ መካከል ከ1,300 ዓመት በላይ ሲያልፍ ሰዓቱን የሚሰጠው ያው ጨረቃ ነበር።

የሙላትና የጉድለት ኃይል በሁለት መንገድ ይወሰዳል። የመጀመሪያው የወሽመጡን አፍ በግንብ ዘግቶ ውኃውን ማሳለፍ ነው። በፈረንሳይ በራንስ ወንዝ አፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመርቆ የተከፈተው ማመንጫ የዚህ ዓይነት ነው፤ እያንዳንዳቸው 10 ሜጋዋት የሆኑ 24 ተርባይኖች አሉት። በደቡብ ኮሪያ በሲህዋ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው 254 ሜጋዋት ሆኖ በጥቂቱ ይበልጠዋል። ሁለተኛው መንገድ ምንም ሳይገድቡ፥ ነፋስ የሚያዞረውን መዘውር በሚመስል አኳኋን ተርባይኑን በባሕሩ ጅረት ውስጥ ማቆም ነው። ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ቀስ ብሎ የሚሄድ ጅረት እንኳ ብዙ ኃይል ይይዛል፤ የጅረቱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ በፔንትላንድ መተላለፊያ ሜይጀን የተባለው ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ዘዴ የሠራው፥ በመጀመሪያው ምዕራፍ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት የሆኑ አራት ተርባይኖችን ነው። በድምሩ 6 ሜጋዋት መሆኑ ነው። ግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ብቻውን የዚህን 30 እጥፍ ያመነጫል። የባሕር ሥር ተርባይን ማንንም አላፈናቀለም የሚለው ምስጋና ሲነገር ይህ መጠን አብሮ ሊነገር ይገባዋል።

ግንብ የተሠራበት ባሕርም ቢሆን ያለ ጉዳት አልቀረም። ራንስ በሚሠራበት ጊዜ የወንዙ አፍ ለሦስት ዓመት ያህል ከባሕር ተቆርጦ ስለ ነበር በውስጡ የነበረው የባሕር ፍጥረት በብዛት አልቋል፤ በኋላ የተመለሰውም ሕይወት ከቀድሞው የተለየ ሆኗል።

ኢትዮጵያ የባሕር በር በነበራት ዘመን ይህን ኃይል ልታገኝ ትችል ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ስለ አዱሊስ ወደብ የሚናገረው ፔሪፕለስ የተባለው የአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግሪክ መርከበኞች መጽሐፍ፥ ስለ ዝሆን ጥርስ ንግድና ስለ ንጉሥ ዞስካለስ ሲጽፍ የአዱሊስን ሙላት እንደ አስፈሪ ነገር አያነሣውም። ያው መጽሐፍ ወደ ሕንድ ተሻግሮ ስለ ባሪጋዛ ሲናገር ግን፥ በድንገት እየገሠገሠ መርከብ ስለሚገለብጠው ሙላት በሰፊው ይተርካል። መርከበኛው ያየው ልዩነት ትክክል ነው። ቀይ ባሕር ጠባብና ከውቅያኖስ የተለየ በመሆኑ በምጽዋ ሙላቱ ከጉድለቱ ጋር ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በራንስ አማካዩ 8 ሜትር ነው። በእኩል ስፋት ኩሬ የሚገኘው ኃይል ከፍታው በራሱ ተባዝቶ ስለሚቆጠር፥ በራንስ 64 የሚሆነው በምጽዋ አንድ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ስትሆን አገራችን ከባሕር ጋር ያጣችው ነገር ብዙ ቢሆንም፥ የሙላት ኤሌክትሪክ ከሚቆጠረው ውስጥ አይገባም። የአጋሮ ውኃ የሚያቀናበት ሜዲትራኒያንም ቢሆን ሙላቱ እጅግ ትንሽ የሆነ ባሕር ነው።

አሁን ወደ ጊቤ እንመለስ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ ወንዝ ዙሪያ ሊሙ እናርያ፥ ጎማ፥ ጉማ፥ ጌራና ጂማ የሚባሉ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ። ለእነዚህ መንግሥታት ጊቤ ድንበርም መከላከያም ነበር፤ በክረምት ሲሞላ የሲራራ ነጋዴ መሻገር ስለማይችል ንግዱ የሚቆመውና የሚንቀሳቀሰው በወንዙ ጊዜ ነበር። ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ግን ለውጭ አገር ሰዎች እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1843 እናርያ የደረሰው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ጊቤ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ በብርቱ ተከራክሯል። ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚገባ መሆኑን ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1896 የጣሊያናዊው የቦቴጎ ጉዞ ነው። ዳባዲ ከእናርያ ጥቂት ወደ ምዕራብ ሄዶ ዴዴሳን ቢከተል ኖሮ ቢያንስ ከዓባይ ጋር ይገናኝ ነበር፤ ያም ቢሆን የሚያገኘው ጥቁሩን እንጂ ነጩን አልነበረም።

ስለ ኤሌክትሪክ በአገራችን አጀማመር ብዙ የተጻፈ ስለ ሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቤተ መንግሥት የተጀመረው መብራት፥ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ አቃቂ ወንዝ ወርዶ በአባ ሳሙኤል የውኃ ማመንጫ አገኘ። በ1948 ዓ.ም. የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ 43.2 ሜጋዋት ነበር፤ ወጪው ከጣሊያን የጦር ካሣ የተገኘ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ከዋናው መሥመር የራቁ ብዙ ከተሞች ግን ለረጅም ጊዜ በዲዝል ሞተር ይተዳደሩ ነበር፤ ሞተሩም ሲመሽ ተነሥቶ ሰዓቱ ሲደርስ ይጠፋል።

የግልገል ጊቤ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተጀምሮ ከተቋረጠ በኋላ፥ በ1990ዎቹ ከዓለም ባንክና ከሌሎች አበዳሪዎች በተገኘ ገንዘብ እንደገና ተነሥቶ በ1996 ዓ.ም. ተመረቀ። ግድቡ ከጂማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አቅጣጫ 57 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቁመቱ 40 ሜትር ብቻ ነው፤ ርዝመቱ ግን 1,700 ሜትር ይደርሳል። በ40 ሜትር ግድብ 184 ሜጋዋት መገኘቱ የሚያስገርም ቢመስልም ምሥጢሩ በመሬቱ አቀማመጥ ላይ ነው። ወንዙ ከግድቡ በታች ተጠማዞ በፍጥነት ስለሚወርድ፥ ውኃውን በ9.2 ኪሎ ሜትር ዋሻ በአቋራጭ መርተው ከ200 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ በመሬት ውስጥ በተሠራው ማመንጫ ላይ ያወርዱታል። በዚያም ሦስት ተርባይኖች ይጠብቁታል። ወንዙን «ግልገል» ብለው የጠሩት ሰዎች ይህን አላሰቡ ይሆናል።

ግድቡ ያቆመው ሐይቅ ከ800 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ይይዛል። የዚህ ሐይቅ ተግባር በአንድ ቃል ቢነገር ክረምትን ወደ በጋ ማሻገር ነው። ጨረቃ የባሕርን ሙላት በየ12 ሰዓቱ ስትመልስ፥ የጊቤ አገር ሰማይ ሙላቱን የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጎርፋል፥ ከጥር በኋላ ይመነምናል። የባሕር ሥር ተርባይን ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው ጥቂት ሰዓት ቢጠብቅ ይበቃዋል፤ የወንዝ ተርባይን ስምንት ወር ሊጠብቅ ስለማይችል ሐይቅ ያስፈልገዋል። ሐይቅ ደግሞ መሬት ይፈልጋል።

መሬቱ ሰው የሚኖርበት ነበር። በኦሞ ናዳ፥ በሰኮሩ፥ በጢሮ አፈታና በቀርሳ ወረዳዎች ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ለሐይቁ ሲሉ ከቀያቸው ተነሥተዋል። ቤት ተሠርቶላቸው መሬት ተሰጥቷቸዋል። ነገር ግን የወንዝ ዳር መሬት ጥቅሙ በሄክታር ብቻ የሚለካ አይደለም፤ በበጋ ሣር በሌለበት ወራት ከብት የሚሰማራው፥ እርጥበቱን የያዘው ማሳም የሚዘራው እዚያው ነበር። በካሣ መዝገብ ውስጥ «በበጋ የሚገኝ ሣር» የሚል ዓምድ ማዘጋጀት ለመሐንዲስ አስቸጋሪ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ሐይቁ ለተርባይኖቹ ያተረፈው በጋ፥ ለእነዚህ ገበሬዎች የጎደለው በጋ ነው።

ከዚህም ሌላ የቆመ ውኃ የወባ ትንኝን ይጠራል። የጂማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፥ ለሐይቁ እስከ 3 ኪሎ ሜትር በሚቀርቡ መንደሮች ያሉ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ መያዛቸው የበዛ ሆኖ አግኝተውታል። ዩኒቨርሲቲው ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የሚወለደውን፥ የሚሞተውንና የሚፈልሰውን ሰው የሚመዘግብ የመስክ ምርምር ጣቢያ አቋቁሟል። እንዲህ ያለ መዝገብ ግድቡ ከመሠራቱ አሥር ዓመት በፊት ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ያህል በጠቀመን! ለወደፊት ግድብ የሚያቅዱ ሰዎች ከሲሚንቶው በፊት መዝገቡን ቢያስቀድሙ መልካም ይመስለናል።

ሁለተኛው ጠላት ደለል ነው። ከጂማ ዙሪያ ኮረብቶች በየክረምቱ የሚታጠበው ቀይ አፈር ሐይቁ ውስጥ ይቀመጣል፤ ደለል የያዘውን ቦታ ውኃ አይዘውም። እዚህ ላይ የቡና ነገር ይመጣል። በጥላ ዛፍ ሥር የተተከለ ቡና ቅጠሉ እየረገፈ መሬቱን ስለሚሸፍነው አፈሩ በቀላሉ አይሸሽም፤ ጫካው ተመንጥሮ በቆሎ የተዘራበት ዳገት ግን በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ይራቆታል። ስለዚህ የቡና ዋጋ ወድቆ ገበሬው ቡናውን ነቅሎ እህል ወይም ጫት የሚተክልበት ዓመት፥ ሳይታሰብ ለኃይል ማመንጫውም ክፉ ዓመት ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ብዙ ውኃ የሚፈልጉት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፥ ማለትም ወንዞቹ መጉደል በሚጀምሩበት ጊዜ ነው። የታጠበው ቡና ልጣጭና አተላ ወደ ጅረቶቹ ሲገባ የሚያስከትለውን ጉዳት በወንዙ ዳር የሚኖር ሁሉ በሽታው ያውቀዋል። ጀንፈል አድርቆ የሚሸጠው ገበሬ በዚህ በኩል ወንዙን አያስቸግርም።

በ2001 ዓ.ም. ዝናብ አንሶ መብራት በፈረቃ በሆነበት ጊዜ፥ ሐይቅ ክረምትን ሊያሻግር የሚችለው ክረምት ሲኖር መሆኑን አገሩ ሁሉ አየ። በዚህ በኩል ጨረቃ ከሰማይ ትበልጣለች፤ የባሕር ሙላት በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት እንደሚሆን ከብዙ ዓመት በፊት አስልቶ ማወቅ ይቻላል፥ ድርቅም አይነካውም።

ለባሕር ሥር ተርባይን በሐሳብ የሚቀርበው የአገራችን ሥራ ግልገል ጊቤ ቁጥር ሁለት ነው። ይህ ማመንጫ የራሱ ታላቅ ግድብ የለውም፤ ከቁጥር አንድ የወጣውን ውኃ ተቀብሎ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ በተራራ ሥር አሳልፎ፥ 500 ሜትር ያህል ወደ ታላቁ ጊቤ ሸለቆ ያወርደዋል። አራቱ ተርባይኖቹ በድምሩ 420 ሜጋዋት ናቸው። አዲስ ሐይቅ ሳይሠራ፥ ቁጥር አንድ ከሚሰጠው እጥፍ በላይ ኃይል ከዚያው ውኃ ተገኘ ማለት ነው። ሆኖም ሰው ያልተነሣበት ሥራ መሬቱ ራሱ የተነሣበት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 በዋሻው ውስጥ ግፊት ያለው ጭቃ ገንፍሎ መቆፈሪያውን መኪና ወደ ኋላ ገፋው፤ ሥራውም ዘገየ። በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የዋሻው አንድ ክፍል ተናደ፤ ተጠግኖ ሥራ የጀመረው በዚያው የአውሮፓ ዓመት መጨረሻ ነው። የመሬት ጥናት ሳይጠናቀቅ ሥራው ተቻኩሏል የሚል ብርቱ ትችት ቀርቧል። እኛም ትችቱ ሚዛን የሚደፋ ነው እንላለን፤ የተቸኮለበት ጊዜ በጥገና ተመልሶ ተከፍሏልና።

በመሠረቱ በጊቤ ጅረት ውስጥ እንደ ባሕሩ ያለ ተርባይን ማቆም አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ለአንድ መንደር የሚበቃ ትንሽ መሣሪያ በሌሎች አገሮች ወንዞች ተሞክሯል። ነገር ግን ያልተገደበ ወንዝ በበጋ ስለሚደክም መሣሪያው ዓመቱን ሙሉ በደንብ ሊሠራ የሚችለው ከግድብ በታች፥ ውኃው በመጠን በሚለቀቅበት ሥፍራ ነው። ያለ ግድብ ይሠራል የተባለው ነገር በኛ አገር ወንዝ ላይ የግድብ ጥገኛ ሆኖ ይገኛል።

የጊዜው ጥያቄ እጅግ የከረረው በጊቤ ቁጥር ሦስት ነው። 243 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀምሮ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አሥር ተርባይኖቹ 1,870 ሜጋዋት ይሰጣሉ። ከእርሱ በታች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የኮይሻ ግድብ ተጀምሯል። የጊንጆ ዝናብ በሦስቱ ጊቤዎች ሦስት ጊዜ ተርባይን ያዞራል፤ የአጋሮው ደግሞ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ።

በኦሞ የታችኛው ሸለቆ የሚኖሩት ዳሰነች፥ ካራ፥ ሙርሲ፥ ኛንጋቶምና ሌሎችም ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ የሚያርሱት የወንዙን ሙላት ተከትለው ነው። በነሐሴና በመስከረም ወንዙ ከአፉ ወጥቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቃል፤ ሲሸሽ በተወው ለም ጭቃ ላይ ማሽላ ይዘራሉ። ዝናብ በማይታመንበት በዚያ ቆላ፥ ከደጋው የሚመጣው ሙላት የእህል ዋስትና ነበር። የቁጥር ሦስት ሐይቅ ይህን ሙላት ይይዘዋል፤ ክረምቱም በዓመቱ ላይ እኩል ተከፋፍሎ ይወርዳል። ለተርባይን ይህ መልካም ነው። ሙላትን ለሚጠብቅ ማሳ ግን እኩል የሚፈስ ወንዝ ከደረቀ ወንዝ ብዙም አይሻልም። መንግሥት በወንዙ ዳር ያቋቋመው የስኳር ልማት መስኖ ሲጨመርበት ክርክሩ እየበረታ ሄደ። ዩኔስኮም የኬንያን የቱርካና ብሔራዊ ፓርኮች እ.ኤ.አ. በ2018 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባቸው፤ ከ2019 በኋላ በወረደው ብዙ ዝናብ ግን ሐይቁ ከፍ ብሎ የዳርቻ መንደሮችን አጥለቅልቋል።

በግድቡ እቅድ ውስጥ በየዓመቱ በሙላት ወራት ለጥቂት ቀናት ሰው ሠራሽ ሙላት እንዲለቀቅ የሚል ሐሳብ ነበረበት። የኔንድረም መነኩሴ ጨረቃን አይቶ ወፍጮውን ያዘጋጅ ነበር፤ የዳሰነች ገበሬም የውኃውን መልክ አይቶ ዘሩን ያወጣ ነበር። አሁን ሙላቱ የሚመጣበትን ቀን የሚያውቀው የማመንጫው ተቆጣጣሪ ክፍል ነው። የመልቀቂያው ቀንና መጠን ከመዝሪያው ወር በፊት ተወስኖ፥ ለወንዙ ዳር ሕዝብ በየቋንቋው እንዲነገር የሚያስገድድ ደንብ ቢወጣ፥ ከግድቡ ዋጋ አንጻር ወጪው ከምንም የሚቆጠር አይደለም።